«ፎርሴክ»፦ መሄድ ወይስ መካድ?

«ፎርሴክ» የሚለው የእንግሊዝኛ ግስ «ተወ»፣ «ጥሎ ሄደ» ተብሎ ቢፈታ ስሕተት አይባልም፤ ግን ፍቺው ግሱን ከቅርብ ዘመዶቹ ከ«አባንደን»ና ከ«ዲዘርት» የሚለየውን ነገር ይሸፍነዋል። ሦስቱ የሚወስዷቸውን ተሳቢዎች ጎን ለጎን ማየት ነው። የተበላሸ መኪናውን መንገድ ዳር ትቶ የሄደ ሰው፣ ከምትሰምጥ መርከብ የወጣ መርከበኛ በ«አባንደን» ይነገርላቸዋል፤ ከጦር ግንባር የከዳ ወታደር በ«ዲዘርት»። መኪናን «ፎርሴክ» ማድረግ ግን ለቀልድ ካልሆነ አይባልም። ይህ ግስ የሚሻው ትዳርን፣ ሃይማኖትን፣ አገርን፣ ወዳጅን ነው፤ ሁሉም በሰውየው ላይ «የእኔ ነህ» የሚሉ ናቸው። ስለዚህ የግሱ እምብርት ከቦታ መራቅ ሳይሆን ያንን ይገባኛል ባይነት አልቀበልም ማለት ነው። ሚስቱን ከአንድ ጣሪያ ሥር እየኖረም «ፎርሴክ» ያደረገ ባል ይኖራል።

ታሪኩም ወደዚሁ ያዘነብላል። በጥንታዊው እንግሊዝኛ ቃሉ መቃወም፣ እምቢ ማለት ነበር፤ ሁለተኛው ክፍሉ የመሟገት ግስ ነው። በ1549 የወጣው የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የጸሎት መጽሐፍ በጥምቀት ሥርዓቱ ሰይጣንን «ፎርሴክ» ታደርጋለህን ብሎ ያስጠይቃል። ለጥምቀት የመጣ ሕፃን ከሰይጣን ቤት ወጥቶ የሚሄድበት ነገር የለውም፤ የሚጠየቀው የሰይጣንን ጌትነት እንዲክድ ነው፤ መልሱን የሚሰጡለትም የክርስትና ወላጆቹ ናቸው። የ1662ቱ እትም በዚህ ቦታ ግሱን በ«ሪናውንስ» (መካድ) ተክቶታል፤ በጋብቻው ቃል ኪዳን ግን ሌላውን ሁሉ «ፎርሴክ» ማድረግ እንዳለ ቀርቷል። ሙሽራው እዚያ የሚተዋቸው «ሌሎች» አብዛኞቹን አያውቃቸውም። የእኛም ቤተ ክርስቲያን የጥምቀቱን ክፍል ክህደተ ሰይጣን ትለዋለች፤ በአማርኛ ሃይማኖትም ብድርም የሚካደው በአንድ ግስ መሆኑን ልብ ይሏል።

የቃል ምንጭ ለዛሬ ትርጉም ዳኛ አይሆንም የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ ትክክል ነው። ከምንጩ ይልቅ ተሳቢዎቹን ያስቀደምሁት ለዚሁ ነው። መንገድ ያልገባለትን ገጠር «ጎድፎርሴከን» (እግዚአብሔር የተወው) የሚል ተናጋሪስ? እሱም ቢሆን ስድቡ የሚሰምርለት መተው ያልነበረበትን አካል ስለጠራ ነው። ከበድ የሚለው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ በ1611 የታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ በኢሳይያስ 55፥7 ኃጢአተኛውን መንገዱን «ፎርሴክ» እንዲያደርግ ያዝዛል፤ ታዲያ ግሱ የክዳት ከሆነ እንዴት ትእዛዝ ይሆናል? እንደኔ ግሱ ራሱ ወንጀለኛ አያደርግም። ወቀሳው የሚመጣው ከተካደው መብት እውነትነት ነው፤ የኃጢአት ይገባኛል ባይነት ሐሰት ስለሆነ እሱን መካድ ጽድቅ ነው፤ የትዳር ጓደኛ ግን እውነተኛ መብት አለው። በመዝሙር 22 (በግእዙ ቁጥር 21) መክፈቻ ግሱ እጅግ የሚከብደውም ለዚህ ነው። «ለምን ተውኸኝ?» ባዩ ጠያቂ የተወውን አምላክ አሁንም ሁለት ጊዜ በአገናዛቢ «አምላኬ» እያለ ይጠራዋል፤ መብቱን አልለቀቀም።