ከጠርዙ 3 ሚሊ ሜትር
መርጡለ ማርያም ለሄደ ሰው የእጅ ጥበብ ተብሎ የሚታየው የእቴጌ እሌኒ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ፣ ያ የተፈለፈለ ድንጋይ ነው። ይገባዋል። በዚያው በጎጃም ደጋ ግን ጎብኚ የማይደርስበት ሌላ ጥበብ አለ፤ በዐይን ቆብ ላይ ይሠራል።

ትራኮማ ደጋግሞ ያቆሰለው ቆብ ከውስጥ ጠባሳ ያወጣና ይኮማተራል፤ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ይዞራል። ከዚያ ወዲያ ዐይን በተርገበገበ ቁጥር ብሌኑ ይፋቃል። በወረንጦ ቢነቅሉት መልሶ ይበቅላል። ዋናው መላ ቀዶ ጥገና ነው፤ ምላጩን የሚይዘው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ስፔሻሊስት ሳይሆን ለዚሁ የሠለጠነ ነርስ ነው።

ቆቡ ከደነዘዘ በኋላ በብረት ዝርግ ላይ ይገለበጣል። ከጠርዙ 3 ሚሊ ሜትር ገባ ብሎ፣ ጠርዙን ተከትሎ ይቀደዳል። ምላጩ ስሱን ሽፋንና ከሥሩ ያለውን፣ ታርሰስ የሚባለውን ጠንካራ ንጣፍ ይቆርጣል፤ የታርሰስ ውፍረት 1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። እዚያ ላይ መቆም አለበት፤ ቆዳው አይነካም። እኔን የሚገርመኝ ይህ መቆም ነው። ሌላው ዘዴ ከቆዳው ጀምሮ ቆቡን በሙሉ ይሰነጥቃል። እስማኤል ሀብታሙና ባልደረቦቹ በአማራ ክልል 1,000 ታካሚዎችን ይዘው ሁለቱን አወዳደሩ። በ2016 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ውጤት፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ጸጉሩ የተመለሰባቸው ከቆዳ ከተሰነጠቁት 22 በመቶ፣ ከውስጥ ከተቀደዱት 13 በመቶ ነበሩ።

ርዝመቱም ዋጋ አለው። ከ22 ሚሊ ሜትር ያጠረ ቅድ ለመመለስ ይዳርጋል፤ መሀሉ ቢቃናም የጥጉ ጸጉር እንደ ዞረ ይቀራልና። ስለዚህ ጎበዝ እጅ ወደ ሁለቱም ጫፍ ይዘልቃል፤ ጠርዙን የያዘውን ቁራጭም ከጡንቻው በደንብ ያላቅቀዋል። ቁራጩ ያኔ እንደ እጅጌ ጫፍ ወደ ውጭ ይታጠፋል።

ቀሪው የሐር ክር ሥራ ነው፤ ለእኔ ከመቁረጡ ይልቅ የሚከብደው ይሄ ነው። ክሩ ከውስጥ ገብቶ ከሽፋሽፍቱ በላይ በቆዳው ላይ ይወጣና ይቋጠራል፤ ብዙውን ጊዜ ሦስት ቦታ። ከላላ ጸጉሩ ይመለሳል። ከጠበቀ ቆቡ ከልክ በላይ ይገለበጣል። አንዱ ላልቶ ሌላው ከጠበቀ ጠርዙ ይጎደጉዳል፤ ሰው ፊት ላይ ነውና ሁሌም ይታያል። ቋጠሮው ሳይጠናቀቅ ቀና ብሎ ጠርዙን ከጥግ እስከ ጥግ ማየት፣ ካልተስተካከለም ያንኑ ስፌት ፈትቶ እንደገና መስፋት ነው። ውጭ ወረፋው ምንም ያህል ቢረዝም።