የአገርን ፍርድ አሟጦ ስለ መጨረስ፤ አጭር ትችት
የአፍሪቃ የሰብአዊ መብት ቻርተር በአንቀጽ 56 አቤት ባይ አስቀድሞ የአገሩን ችሎት ሁሉ እንዲጨርስ ያዛል፤ ነገሩ ያለ አግባብ ከተጓተተ ግን ግዴታው ይነሣለታል። ደንቡ መልካም ነው፤ መንግሥት ስሕተቱን በገዛ ቤቱ ያርም ዘንድ ዕድል ይሰጠዋልና። ጉድለቱ የመጓተትን ልክ አለመወሰኑ ነው። የደርግ ባለሥልጣኖች ክስ በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. መሰማት ጀምሮ ጥፋተኞች የተባሉት በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ነው። የአፍሪቃ ኮሚሽን በመዝገብ ቁጥር 301/2005 የቀረበለትን አቤቱታ ተቀብሎ፣ በተገቢው ጊዜ የመዳኘት መብት ተጥሷል አለ። ይሁን እንጂ ይህ ውሳኔ ራሱ 6 ዓመት ያህል ፈጀ! ቃሊቲ ወህኒ ቤት ሆኖ ቀጠሮ ለሚቆጥር እስረኛ በር አለ ማለት ብቻ አይበቃውም፤ መቼ ሊያንኳኳ እንደሚችል በዓመት ተቈጥሮ ሊነገረው ይገባል።