እሪያ ስለ ምን ርኩስ ተባለ? በማርቪን ሃሪስ ሐተታ ላይ የቀረበ ሒስ
የእሪያ ሥጋ በብዙ ሕዝቦች ዘንድ የተከለከለበትን ምክንያት ሊቃውንት ከረጅም ዘመን ጀምሮ ሲመራመሩበት ኖረዋል። ብዙ አንባቢ ካገኙት ሐተታዎች አንዱ አሜሪካዊው የባሕል ተመራማሪ ማርቪን ሃሪስ በ1974 (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) «ላሞች፣ አሳማዎች፣ ጦርነቶችና ጠንቋዮች» በተባለው መጽሐፋቸው ያቀረቡት ነው።

እንደ ሃሪስ አባባል ነገሩ የሚነሣው ከእንስሳው ተፈጥሮ ነው። አሳማ ገላውን በላብ ማቀዝቀዝ ስለማይችል ጥላና ጭቃ ይሻል። እንደ በግና እንደ ፍየል በሣር ብቻ አይደልብም፤ ሰው የሚበላውን እህል ይሻማል። አይታለብም፤ ለእርሻም አይጠመድም። ስለዚህ በመካከለኛው ምሥራቅ ሕዝቡ በዝቶ ደኑ በተመነጠረ ጊዜ ከጥቅሙ ጉዳቱ አመዘነ፤ ሕጉም ሰውን ከዚህ ፈተና ለማራቅ ተደነገገ ይላሉ።

ይህ ሐተታ የሚመሰገንበት ነገር አለው። ሜሪ ዳግላስ በ1966 እሪያ የተከለከለው ሰኮናው ተሰንጥቆ ሳለ ስለማያመሰኳ፣ ከኦሪት ዘሌዋውያን አመዳደብ ውጭ በመዋሉ ነው ብለው ነበር፤ ይህንንም አሳብ ኋላ ራሳቸው አርመውታል። ሃሪስ ግን በአጥንትና በአፈር ሊመረመር የሚችል ነገር አቀረቡ። ምርመራውም ሁሉን አላጸደቀላቸውም። በግብፅ በአማርና፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ14ኛው መቶ ዓመት በበረሃ ዳር በተሠራው የሠራተኞች መንደር ውስጥ፣ የአሳማ ማርቢያ በረቶች በቁፋሮ ተገኝተዋል። ሙቀትና ድርቀት ብቻውን አሳማን ከሰው ደጅ እንደማያስወጣ ይህ ያስረዳል።

ከዚህ ይልቅ የሚከብደው ፈተና በኢትዮጵያ ይገኛል። ደገኛው አገር ቀዝቃዛና ዝናም የማይለየው ሲሆን ክርስቲያኑም፣ ሙስሊሙም፣ ቤተ እስራኤልም ከእሪያ ሥጋ ርቀው ኖረዋል። ከዚህም በላይ በአገሩ የሚገኙት ከርከሮና የዱር አሳማ የሚቀለቡ እንስሳት አይደሉም። ከርከሮ በፊት እግሮቹ ተንበርክኮ ሣር ይግጣል፤ ከማንም ጎተራ እህል አያስወጣም። የዱር አሳማ በሌሊት ማሳ ሲያጠፋ ገበሬው ማማ ላይ ሆኖ ይጠብቃል፤ ቢገድለውም ሥጋውን አይበላም። ያለ ቀለብ የተገኘ ሥጋ የሚጣል ከሆነ የማርባት ወጪና ጥቅም ሒሳብ በዚህ ስፍራ ምን ያስረዳል?

ሃሪስን የሚደግፍ ሰው ሕጉ ከመጽሐፍ ጋር ከሌላ አገር የመጣ ነው ሊል ይችላል። ይሁን እንጂ ይህ መልስ ጥያቄውን ያዛውረዋል እንጂ አይፈታውም፤ የመነሻው ምክንያት በሌለበት አገር ሕጉ ጸንቶ የኖረው በምን ኃይል ነው?

የዚህ መልስ ከእንስሳው ዘንድ ሳይሆን ከሰዎች ዘንድ የሚፈለግ ነው። በከፋ ምድር መንጆዎች የዱር እሪያና ጉሬዛ ይበላሉ ተብለው ከጎረቤቶቻቸው ማዕድና ጋብቻ ተለይተው ኖረዋል። በጣና ዳርቻም ወይጦዎች ስለ ጉማሬ ሥጋ እንደ ርኩስ ተቈጥረዋል። ርኵሰቱ ከሥጋው ወደ በላተኛው፣ ከበላተኛውም ወደ ልጆቹ ተላልፏል፤ ከመንጆዎች መካከል መብሉን የተዉትም ቢሆኑ በዚያው ከመናቅ አልዳኑም። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ጥናት ያደረጉት ፍሬድሪክ ሲሙንስ በ1961 የእሪያን ክልከላ ዘላን ከብት አርቢው ለሰፋሪው ገበሬ ከነበረው ንቀት ጋር ማያያዛቸው፣ በመነሻው ታሪክ ቢያከራክርም፣ ዓይንን ወደ ተገቢው ስፍራ የመለሰ ነበር።

እንግዲህ የሃሪስ ጉድለት የአሳማን ተፈጥሮ መመርመራቸው አይደለም፤ በዚያ ላይ መቆማቸው ነው። የአንድ ክልከላ ዋጋ በእህልና በውሃ ብቻ ሲሰፈር፣ ዋጋውን በማዕድ ዳር ቆመው የከፈሉት ሰዎች ከሒሳቡ ውጭ ይቀራሉ። ስለ ርኩስ እንስሳ የሚጽፍ ሊቅ፣ ርኩስ የተባለው ሰው ማን እንደ ሆነ ሳይጠይቅ ብዕሩን ሊያኖር አይገባውም።