ያልተሰሙት እናቶች፤ በላይንግና በኤስተርሰን መጽሐፍ ላይ የቀረበ ሂስ

ሮናልድ ላይንግና አሮን ኤስተርሰን የተባሉት የአእምሮ ሐኪሞች በ1964 (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው) በሎንዶን ያሳተሙት መጽሐፍ፥ ርእሱ ወደ አማርኛ ቢመለስ «ጤንነት፥ እብደትና ቤተ ሰብ» ሊባል ይችላል። ደራስያኑ ስኪዞፍሬንያ አለባቸው ተብለው ሆስፒታል የገቡ ዐሥራ አንድ ሴቶችን መረጡ፤ ዕድሜያቸውም በ15 እና በ40 ዓመት መካከል ነበረ። ሴቶቹንና ዘመዶቻቸውን አንድ ጊዜ ለየብቻ፥ አንድ ጊዜ በአንድነት እያነጋገሩ፥ የተባለውን በመቅረጸ ድምፅ ያዙት። መጽሐፉ የዚህ ምርምር ውጤት ነው፤ ነገር ግን ሰንጠረዥና ቍጥር የሚፈልግ አንባቢ ብዙ አያገኝበትም። የሚያገኘው ንግግር ነው፤ ሰዎች ማዕድ ቤት ተቀምጠው እንደሚነጋገሩት ያለ፥ የሚያቋርጥ፥ የሚመለስ፥ ራሱን የሚያፈርስ ንግግር።

በሽተኞቹ ሁሉ ሴቶች በመሆናቸው መጽሐፉ፥ ደራስያኑ ያሰቡት ባይሆንም፥ የእናቶችና የሴት ልጆች መጽሐፍ ሆኗል። አባቶች በአንዳንዱ ቤት ጐልተው ይታያሉ፤ የብዙው ክርክር መነሻና መድረሻ ግን እናትና ልጅ ናቸው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ መጽሐፉን ሁለት ጊዜ አንብቦ የደረሰበት አስተያየት ይህ ነው፤ ደራስያኑ ለልጆቹ ያደረጉትን ታላቅ ነገር ለእናቶቹ አላደረጉላቸውም።

በመጀመሪያ ታላቁን ነገር ማስረዳት ያሻል። ደራስያኑ ቤተ ሰብ እብደትን ያመጣል አላሉም፤ በ1970 ለወጣው ለሁለተኛው እትም በጻፉት መግቢያም ይህን አጥብቀው ተናግረዋል። የጠየቁት ሌላ ነው፤ ይኸውም ሐኪም የበሽታ ምልክት ነው ብሎ የሚመዘግበው ንግግርና አድራጎት፥ የበሽተኛይቱ ቤት ሲታወቅ ትርጉም ይገኝለት ይሆን ወይ የሚል ነው። ማያ አቦት የተባለችው ሴት (ስሞቹ ደራስያኑ ያወጡላቸው የሽፋን ስሞች ናቸው) ወላጆቿ በእርሷ ነገር በምሥጢር እንደሚጠቃቀሱ ታምን ነበር። ማንም ሐኪም ይህን በመዝገቡ ላይ እንደ ሕመም ይጽፈዋል። ሐኪሞቹ አባትን፥ እናትንና ልጅን ባንድነት አስቀምጠው ሲያነጋግሩ ግን አቶ አቦትና ወይዘሮ አቦት በእርግጥ ዐይን ለዐይን ይጠቃቀሱ፥ ራስ ይነቀንቁ፥ ፈገግ ይባባሉ ነበር። ይህን ምን አመጣው ተብለው ሲጠየቁ አላደረግንም አሉ፤ እያሉም ማድረጋቸውን አላቆሙም። ከዚህም ሌላ ልጂቱ ሐሳብ የማወቅ ኀይል ያላት ስለ መሰላቸው፥ ለእርሷ ሳይነግሩ በስውር ይፈትኗት ነበር። እንግዲህ ያየችውን «አየሁ» ባለች ቍጥር «አላየሽም» የምትባል ልጅ፥ በዐይኗ ላይ ያላት እምነት ቢናጋ ምን ያስደንቃል?

የሩቢ ኢደን ታሪክ ከዚህ ይልቅ ልብ ይነካል። ሩቢ 17 ዓመቷ ሲሆን፥ ከጋብቻ ውጭ የተወለደች ነች። ይህ እንዳይታወቅ ሲባል በቤቱ ውስጥ የዝምድና ስም ሁሉ ተዛውሮ ነበር። አክስቷን እናት፥ የአክስቷን ባል አባት፥ የእውነት አባቷን አጎት እያለች አደገች። በኋላም እርሷ ራሷ ሳታገባ አረገዘች። ቤተ ሰቡ እየሰደበ ጽንሱን ሊያስወርድ ሞከረ፤ ጽንሱም ወረደ። ከዚያ በኋላ ሰዎች ስለ እኔ ክፉ ያወራሉ ስትል፥ የለም፥ ሁሉ ይወድሻል ተባለች። ከቃለ ምልልሱ እንደሚታየው ግን ወሬው እውነት ነበረ፤ ቤተ ሰቡም ያውቀው ነበር።

እዚህ ላይ የአገራችን አንባቢ ጥቂት ቆም ማለቱ አይቀርም። በእኛም ዘንድ አያቷ ያሳደገቻት ልጅ አያቷን «እማዬ» ብላ፥ እናቷን «እትዬ» ወይም በስሟ መጥራቷ የተለመደ ነው። ከመካከላችን እንዲህ ያደገ ብዙ ሰው አለ፤ በስሙ መዛወር የታመመ ግን አላየንም። ልዩነቱ ግልጽ ይመስለኛል። በእኛ ቤት ስሙ ሲዛወር መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል፥ ልጁም ሲጠይቅ ይነገረዋል። በኢደን ቤት ግን ስሙ የተዛወረው አንድን ነገር ለመደበቅ ነው። ስለዚህ ጉዳቱን ያደረሰው የተዛወረው ስም ሳይሆን ጥያቄ መከልከሉ ነው። ደራስያኑ ይህን ነገር ለይተው ቢያወጡት በወደድሁ፤ የስሞቹ መደበላለቅ ራሱ በቂ ማስረጃ እንደ ሆነ አድርገው አልፈውታል።

አሁን ወደ እናቶቹ ልመለስ። ጁን ፊልድ 15 ዓመቷ ነው። ስትወለድ የዳሌዋ አጥንት ከቦታው የወጣ ስለ ነበረ በሕፃንነቷ ሆስፒታል ተኝታለች፤ ከዚያ ወዲህ ከእናቷ ተለይታ አታውቅም። አድጋ ወደ ልጃገረዶች ካምፕ ሄደች፤ ስትመለስም ሌላ ሰው ሆነች። ዱሮ የምትጫወትና የምታቅፋቸው ልጅ ዝምተኛ ሆነችባቸው፤ ወይዘሮ ፊልድ ይህን ሁሉ በሽታ ነው አሉ። ደራስያኑ በበኩላቸው እናቲቱ በሽታ ያሉት ነገር ብዙው ልጅ ወደ አካለ መጠን ስትደርስ የሚታይ እንደ ሆነ ያሳዩናል። እስከዚህ ድረስ ትክክል ናቸው። ግን የዳሌዋን ነገር ከነገሩን በኋላ ምነው አንድ እርምጃ አልቀጠሉ? አትራመድም ተብሎ የተፈራላትን ልጅ በክንዳቸው ያሳደጉ ሴት፥ ልጂቱ ከዐይናቸው ስትርቅ ቢደነግጡ ይህስ ትርጉም የለውም? በእኛ ቋንቋ ይህን ዐይነቱን ፍቅር ስስት እንለዋለን። ቃሉ ሁለት ነገር ይይዛል፤ ንፍገት አለበት፥ ስጋትና ርኅራኄም አለበት። ደራስያኑ በወይዘሮ ፊልድ ያዩት ንፍገቱን ብቻ ነው።

የክሌር ቸርች እናትም እንዲሁ ናቸው። ልጄና እኔ አንድ ዐይነት ነን ማለት ያበዛሉ፤ ክሌር ግን ለእናቷ ፍቅር እንደማይሰማት ትናገራለች። ደራስያኑ እናቲቱ ልጃቸውን ከራሳቸው ለይተው ማየት የማይችሉ መሆናቸውን ከንግግሩ ነጥለው ያወጣሉ። አሠራራቸው የተዋጣ ነው፤ የሚያስቸግረኝ ግን ይህ ነው። የአእምሮ ሐኪሞች የበሽተኛን ንግግር ከሕይወቱ ነጥለው እንደ ምልክት ቈጠሩ ብለው የተነሡ ሰዎች፥ የእናቶችን ንግግር ከሕይወታቸው ነጥለው እንደ ምልክት ይቈጥራሉ። ወይዘሮ ቸርች ከእናታቸው ጋር እንዴት ነበሩ? ልጃቸው «አልወድሽም» ያለች ዕለት ሌሊቱን እንዴት አደሩ? እነዚህን የመሰሉ ጥያቄዎች በመጽሐፉ ውስጥ ተገቢ ቦታቸውን አላገኙም።

ይህ ጕድለት ከደራስያኑ ብቻ የመጣ አይደለም። ፍሪዳ ፍሮም ራይክማን የተባሉት በአሜሪካ የሠሩ ታላቅ ሐኪም በ1948 ባወጡት ጽሑፍ ስኪዞፍሬንያን የምታመጣ እናት የሚል ስም ለትምህርቱ ዓለም ሰጡ። እኒህ ሴት ሌላው ሐኪም ተስፋ የቈረጠበትን በሽተኛ በትዕግሥት ተቀምጠው ያነጋገሩ ነበሩ፤ ስሙ ግን ከትዕግሥታቸው ይልቅ ሩቅ ሄደ፥ እናቶችንም ለብዙ ዓመታት ሲያስከስስ ኖረ። ላይንግና ኤስተርሰን ስሙን ባይወዱትም የተቀመጡት ያ ስም ባዘጋጀው ወንበር ላይ ነው። በ1971 ኬን ሎች ያዘጋጀው «የቤተ ሰብ ሕይወት» የተባለው ፊልም ደግሞ ጥንቃቄያቸውን ሁሉ ትቶ ፍርዱን ብቻ ወሰደ። በፊልሙ ውስጥ ያለችው እናት ልጇን ጽንስ አስወርጂ ብላ የምታስገድድ፥ ሁሉን የማውቅልሽ እኔ ነኝ የምትል ናት። በመጨረሻ ልጂቱ ድዳ ሆና በተማሪዎች ፊት ትምህርት መስጫ አዳራሽ ውስጥ ለማሳያ ትቀመጣለች። ወንበሩ ላይ ያሉት ተማሪዎች እንደ እኛ ያሉ ናቸውና ትዕይንቱ ያሳፍራል። ነገር ግን በዚያ አዳራሽ እናቲቱ አብራ ለማሳያ መቅረቧን ልብ ያለ ተመልካች ጥቂት ይመስለኛል።

ከዚያ ወዲህ የተደረጉት ምርምሮች ነገሩን በሌላ ብርሃን አሳይተውታል። ሊዮናርድ ሄስተን በ1966 ባወጡት ጥናት፥ በአሜሪካ በኦሪጎን ግዛት ስኪዞፍሬንያ ካለባቸው እናቶች ተወልደው በጥቂት ቀን ውስጥ ከእናቶቻቸው የተለዩ 47 ልጆችን ተከታትለዋል። ከነዚህ አምስቱ በዚያው ሕመም ታመሙ፤ ለማነጻጸሪያ ከተመረጡት 50 ልጆች ግን አንድም አልታመመም። እናት ሳታሳድጋቸው ሕመሙ ካገኛቸው፥ ቢያንስ ከፊሉ ነገር በደም የሚተላለፍ ነው ማለት ነው። ደግሞም 42ቱ በዚያ ሕመም አለመያዛቸው መዘንጋት የለበትም።

ሆኖም ቤቱ ምንም አያደርግም ማለት አይደለም። ብራውን፥ በርሊና ዊንግ በሎንዶን 101 በሽተኞችን ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ተከታትለው በ1972 እንዳስታወቁት፥ ዘመዶቻቸው ብዙ የሚነቅፉ፥ የሚጠሉ፥ ወይም ከመጠን በላይ የሚሳሱ ከሆኑት መካከል ከመቶ 58ቱ በዘጠኝ ወር ውስጥ እንደገና ታመሙ፤ ቤታቸው ጸጥ ካለው መካከል ግን ከመቶ 16ቱ ብቻ ናቸው። ከመጠን በላይ መሳሳት ከጥላቻ ጋር በአንድ ዓምድ መቈጠሩን ልብ ይሏል። በኋላ እንደ ታየውም ቤተ ሰቡ ስለ ሕመሙ ሲማርና ሲደገፍ የሕመሙ መመለስ ይቀንሳል። ይህ እናቲቱን ከተከሳሽነት አውጥቶ የሐኪሙ ረዳት ያደርጋታል። ላይንግና ኤስተርሰን ቤቱን አይተው የቤቱን ኀይል ማወቃቸው ትክክል ነበረ፤ ጤነኛ ልጅ ያላቸውን ቤቶች በዚያው መቅረጸ ድምፅ ቀርጸው ጐን ለጐን ስላላሳዩን ግን፥ ከተጠቃቀሱት ወላጆች ስንቱ ልጁን እንዳሳመመ፥ ስንቱ ደኅና እንዳሳደገ አናውቅም። የመጀመሪያው እትም «ቅጽ 1» የሚል ነበረበት፤ ቅጽ 2 አልወጣም።

ለእኛስ ይህ ሁሉ ምን ያገባናል የሚል ቢኖር፥ በቡታጅራ አካባቢ የተደረገውንና በ2001 የታተመውን ጥናት ይመልከት። የአእምሮ ሕመምተኛ ዘመድ ካላቸው ከተጠየቁት ሰዎች ከመቶ 75ቱ በዚሁ ምክንያት ነቀፌታ ወይም መገለል እንደሚሰማቸው ተናግረዋል። እናትን የሚከስ ትምህርት ከአውሮጳ ባይመጣም ክሱ እዚህ ቀድሞ አለ ማለት ነው።

እኔ ራሴ እንጦጦ ማርያም ጠበል ልጃቸውን ይዘው የተቀመጡ አንዲት እናት አጠገብ አረፍ ብዬ፥ ልጂቱ ከታመመች ስንት ጊዜ ሆናት ብዬ ጠየቅኋቸው። የጠየቅሁት ይህን ብቻ ነበር። እርሳቸው ግን መልሱን ትተው፥ በሕፃንነቷ እንዴት እንዳጠቧት፥ ምን ምን ከአፋቸው ነጥለው እንዳበሏት፥ አንድ ቀን እንኳ እጃቸውን እንዳላነሡባት ይነግሩኝ ጀመር። ልጂቱ ፊቷን ወደ ዛፎቹ አዙራ ትሰማለች። አንድ ጊዜ ብቻ፥ እናቷ ስለ አንድ በዓል ልብስ ሲያወሩ፥ ዘወር ሳትል፥ ልብሱ ሰማያዊ እንዳልነበረ ተናገረች። እናቲቱ ዝም አሉ፤ ከዚያ «አረንጓዴ ነበረ፥ እውነቷን ነው» አሉኝ።