በሌላ እጅ የተጻፈ ታሪክ፦ አካል ጉዳተኞች ጠበብት በቤተ መዛግብት ውስጥ

ስለ አካል ጉዳተኞች የሚናገር ጥንታዊ መዝገብ፣ በየትኛውም አገር ቤተ መዛግብት ቢፈለግ፣ ከጥቂቱ በቀር በራሳቸው በአካል ጉዳተኞቹ እጅ የተጻፈ ሆኖ አይገኝም። ጸሐፊው አንዳንድ ጊዜ ሐኪም፣ አንዳንድ ጊዜ የድኩማን መጠለያ አስተዳዳሪ፣ አንዳንድ ጊዜም ምጽዋት ሰብሳቢ ማኅበር፣ ወይም በየገበያው ድንኳን ተክሎ ሰውን ለሰው በገንዘብ ያሳይ የነበረ ነጋዴ ነው። ስለዚህም ተመራማሪው ከእንዲህ ያለው መዝገብ የሚያገኘው ቁመትና ክብደት፣ የደዌው ዓይነት፣ ወደ መጠለያው የተገባበትና የተሞተበት ቀን፣ የወጣው ወጪ ሲሆን፣ ሰውዬው በልቡ ያሰበው፣ ከጓደኞቹ ጋራ የተሣሣቀበት፣ በአሳዳሪዎቹ ላይ የተቆጣበት ነገር ሁሉ ከመዝገቡ ውጭ ቀርቷል። በዮሐንስ ወንጌል የተጻፈው፣ 38 ዓመት በአልጋው ተጣብቆ የኖረው፣ ቤተ ክርስቲያናችንም በዐቢይ ጾም በአራተኛው እሑድ የምታስበው ሰው እንኳ፣ እስከ ዛሬ የሚታወቀው በደዌው እንጂ እናትና አባቱ ባወጡለት ስም አይደለም።

ከአርባ ዓመት ገደማ ወዲህ ግን በብሪታንያና በጀርመን አገር፣ ራሳቸው አካል ጉዳተኞች የሆኑ ቀራፂዎች፣ የተውኔት ሰዎችና የፊልም አዘጋጆች ወደነዚህ መዛግብት ገብተው፣ ባገኙት ነገር ላይ አዲስ ሥራ መሥራት ይዘዋል (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ሥራዎቻቸውን የሚያወሱ ጸሐፍት አብዛኛውን ጊዜ የሚያመሰግኗቸው የተረሳውን አስታወሱ፣ ዝም ያለውን አናገሩ በማለት ነው። ምስጋናው መልካም ነው፤ ሆኖም ሐተታው በዚያ የቆመ እንደ ሆነ አንድን ተውኔት ከመታሰቢያ ሰሌዳ መለየት አይቻልም። እኔ እንደሚመስለኝ፣ ከነዚህ ሥራዎች ዋና ዋናዎቹ ያደረጉት ሌላ ነገር ነው፤ መዝገቡ ባዶ በተወው ስፍራ የራሳቸውን ልብ ወለድ ከመሙላት ተቆጥበው፣ መብራቱን ወደ መዝጋቢው እጅ አዞሩት፣ መርማሪውንም በተራው መረመሩት።

ይህን ለመረዳት ከመዛግብቱ ሁሉ እጅግ የሚያስፈራውን አንዱን ቀርቦ ማየት ያስፈልጋል። በበርሊን ከተማ፣ በቲርጋርተን ጎዳና በቁጥር 4 የነበረው የናዚዎች ጽሕፈት ቤት፣ በአገሩ ላሉት የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታሎችና መጠለያዎች ቅጽ እያሳተመ ይልክ ነበር። ቅጹ የሕመሙን ዓይነት፣ ሕመምተኛው ምን ያህል ጊዜ እንደ ቆየ፣ አዘውትሮ የሚጠይቀው ዘመድ ያለው እንደ ሆነ፣ ይልቁንም ምን ዓይነት ሥራ መሥራት እንደሚችል ይጠይቃል። ቅጹ ተሞልቶ ሲመለስ፣ ሕመምተኛውን ባይናቸው አይተውት የማያውቁ ሐኪሞች እያንዳንዳቸው በወረቀቱ ግርጌ በጥቁር መስመር በታጠረች ትንሽ ስፍራ ውስጥ ምልክት ያደርጋሉ፤ ቀይ የመደመር ምልክት ሞት ነው፤ ሰማያዊ የመቀነስ ምልክት ሕይወት ነው። በዚህ አኳኋን ከጃንዋሪ 1940 እስከ ኦገስት 1941 ባለው ጊዜ፣ በ6 የመርዝ ጋዝ ማዕከሎች 70,273 ሰዎች ተገደሉ። ቁጥሩ እንዲህ እስከ አንድ ድረስ ተጣርቶ ሊታወቅ የቻለው ገዳዮቹ ራሳቸው ቆጥረው ስለ መዘገቡት ነው፤ ከጦርነቱ በኋላ በኦስትሪያ፣ በሃርትሃይም ግንብ የተገኘው የሒሳብ ሰነዳቸው የሟቾቹን ብዛት ከመጻፉም በላይ፣ እነሱ በመሞታቸው በ10 ዓመት ውስጥ ከመብል የሚተርፈውን ድንችና ማርማላታ በኪሎ አስልቶ አስቀምጦታል። ወደ 30,000 የሚጠጋ የሟቾቹ ፋይል ደግሞ ከ1990 ወዲህ በምሥራቅ ጀርመን የስለላ መሥሪያ ቤት መዛግብት መካከል ተገኝቶ፣ ዛሬ በጀርመን ፌዴራል ቤተ መዛግብት ይጠበቃል።

እንግዲህ አንድ ጠቢብ በእንዲህ ያለው ክምችት ፊት ቆሞ ምን ሊሠራ ይችላል? እንግሊዛዊቱ የፊልም አዘጋጅ ሊዝ ክሮው፣ ራሷም ተሽከርካሪ ወንበር የምትጠቀም ናት፤ በ2008 ባቀረበችው «ተቃውሞ» በተባለው የፊልም ትርኢት የመረጠችው መንገድ አስተውሎትን የሚጠይቅ ነው። የፊልሙ ዋና ሰው ኤሊዝ የምትባል፣ በአንድ የሕሙማን መጠለያ ወለል የምትጠርግ ታካሚ ናት። መጥረጊያዋ ለተመልካቹ ተራ የቤት ዕቃ ይመስላል፤ ያንን ቅጽ ላነበበ ሰው ግን ከሞት የሚከልላት ጋሻዋ ነው፤ ወረቀቱ ስለ ሥራ ችሎታ ጠይቆ የለምን? ሕመምተኞቹን ወደ መገደያው የሚወስደው አውቶቡስ መጥቶ ጓደኞቿን ሲጭን ኤሊዝ ትጠርጋለች፤ ታያለች፤ አትናገርም። ሌላ ደራሲ ቢሆን እዚህ ላይ ረዥምና የሚያስለቅስ ንግግር በአፏ ለማኖር ይፈተን ነበር፤ ክሮው ግን መዝገቡ የነሣትን ቃል የራሷን ቃል ተክታ ካሣ ሰጠሁ አላለችም። በዚህ ፈንታ በትርኢቱ ሁለተኛ ክፍል ተዋንያኑ፣ አካል ጉዳተኞቹ ተዋንያን፣ ከገጸ ባሕርያቸው ወጥተው እንደ ራሳቸው እንዲነጋገሩ አደረገች፤ በዚህም ሕያዋኑ ስለ ራሳቸው ተናገሩ፤ ሙታኑም በዝምታቸው ጸኑ። የዚህን ጥንቃቄ ልክነት ከማንኛውም የካሜራ ጥበቧ አስበልጬ አያለሁ።

ያችው ክሮው በ2009 በለንደን ትራፋልጋር አደባባይ ያደረገችው ግን እንደ ፊልሟ አላጠገበኝም። በዚያ ዓመት አንቶኒ ጎርምሌይ የተባለው ቀራፂ ባዘጋጀው መርሐ ግብር፣ በአደባባዩ ባለው ሐውልት የሌለበት መደብ ላይ 2,400 ሰዎች እያንዳንዳቸው ለአንድ አንድ ሰዓት፣ በጠቅላላው ለ100 ቀን እየተፈራረቁ ወጥተው ነበር። ክሮው ተራዋ ሲደርስ የናዚ የደንብ ልብስ ለብሳ በተሽከርካሪ ወንበሯ ላይ ታየች። ገዳይና ሟች በአንድ አካል ላይ ሲታዩ ተመልካቹ እንዲደነግጥ ታስቦ የተደረገ ነው፤ መደንገጡም አልቀረም። ይሁን እንጂ ያ ልብስ ከልማዱ የተነሣ ዓይንን ሁሉ ወደ ራሱ የሚስብ ስለ ሆነ፣ ሟቾቹን ለማሳየት ከመርዳቱ ይልቅ የጋረዳቸው ይመስለኛል፤ ያ የመደመርና የመቀነስ ምልክት የሚደረግበት ቅጽ ከዚህ ሁሉ የደንብ ልብስ ይልቅ ያስፈራል።

ጀርመናዊቱ ዶሮቴያ ቡክ ደግሞ ወደ መዝገቡ የመጣችው እንደ ተመራማሪ ብቻ አይደለም፤ በ1936 በናዚዎች ሕግ በግድ መካን ከተደረጉት አንዷ ነበረችና። ከጦርነቱ በኋላ ቀራፂ ሆነች፤ በ1960ዎቹም ስለ ግድያው የሚገኘውን ሰነድ መርምራ በዚሁ ነገር ላይ ተውኔት ጻፈች። በ102 ዓመቷ በ2019 እስካረፈችበት ጊዜ ድረስ ደጋግማ የምትከስሰው አንድ ነገር ነበር፤ እሷ በገባችበት መጠለያ ሐኪሞቹ ከሕመምተኞቹ ጋራ አለመነጋገራቸውን። ማንም ያላነጋገረው ሰው ፋይል በምን ቃል እንደሚሞላ መገመት አያዳግትም።

ሁሉም መዝገብ ግን የገዳይ መዝገብ አይደለም፤ ለሐያሲም የሚያስቸግረው በጎ አሳቢው ነው። ማት ፍሬዘር የተባለው እንግሊዛዊ ተዋናይ በ1962 ክንዶቹ አጥረው ተወለደ፤ ምክንያቱም በዚያን ዘመን ለእርጉዞች የማቅለሽለሽ ማስታገሻ ተብሎ ይሸጥ የነበረው ታሊዶማይድ የተባለው መድኃኒት ነው። ፍሬዘር በታሪክ ውስጥ እሱን የሚመስል ባለ ሙያ ሲፈልግ ያገኘው፣ ስታንሊ ቤረንት የተባለውን የፒትስበርግ ሰው ነበረ። ቤረንት እጆቹ ከትከሻው አጠገብ የወጡ በመሆናቸው በባሕር እንስሳ ስም ተሰይሞ «ሲሎ» እየተባለ፣ በአሜሪካ የትርኢት ድንኳኖች ውስጥ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ጢሙን ሲላጭና እንጨት ሲጋዝ በገንዘብ ታይቷል። ፍሬዘር በ2001 ስለዚህ ሰው ባዘጋጀው ተውኔት አንድ ጊዜ ሲሎን፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ከሰውነቱ በቀር ሌላ ችሎታው የማይታይለትን የዛሬውን ተዋናይ እየሆነ ይጫወታል። ሲሎ በመድረክ ላይ እንጨቱን ሲጋዝ ያጨበጨበው የቲያትር ተመልካች፣ ጥቂት ቆይቶ ትኬት የቆረጠው ምን ለማየት እንደ ነበር ራሱን መጠየቁ አይቀርም። በተጨማሪም ተውኔቱ ለሲሎ አያለቅስለትም፤ ሰውዬው ሙያውን የሚያውቅ፣ በሙያው የሚተዳደር ሠራተኛ ሆኖ ይታያል፤ ይህም ምጽዋት ሰብሳቢው መዝገብ ፈጽሞ ሊቀበለው የማይወድ ነገር ነው።

ይኸው ፍሬዘር በ2014 ከሌስተር ዩኒቨርሲቲ የሙዚየም ተመራማሪዎች ጋራ ሆኖ፣ በሳይንስ ሙዚየም፣ በንጉሣዊ የሐኪሞች ኮሌጅና በንጉሣዊ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ያለውን ክምችት ፈትሾ፣ በሙዚየሞቹ አዳራሽ ራሱ እንደ ሊቅ ትምህርት የሚሰጥበት ትርኢት አዘጋጀ። መርማሪዎች ይቆሙበት በነበረው ስፍራ ተመርማሪው ቆሞ ሲያስተምር ማየት በራሱ ነገሩን ይናገራል። በሳይንስ ሙዚየም ክምችት ውስጥ በ1960ዎቹ ለታሊዶማይድ ሕፃናት የተሠሩ፣ በታመቀ ጋዝ የሚንቀሳቀሱ ሰው ሠራሽ ክንዶች ይገኛሉ፤ ከባዶች ስለ ነበሩ ብዙዎቹ ልጆች ጥለዋቸው በገዛ አጭር እጃቸው፣ እጅ የሌላቸውም በእግራቸው መሥራትን መረጡ። ዕቃው የመሐንዲሱን ብልኃት በሚገባ ይመሰክራል፤ ልጁ ለምን እንደ ጣለው ግን ከብረቱ ላይ አይነበብም፤ ክንዱን የጣለው ልጅ አድጎ መጥቶ መናገር አለበት።

አሁን ከተናገርኩት ሁሉ የሚወጣ አንድ ሰው አለ፤ እሱም በ1674 በጀርመን፣ በአንስባኽ አውራጃ ያለ እጅና ያለ እግር የተወለደው ማቲያስ ቡኺንገር ነው። ይህ ሰው በ1724 በሠራው የራሱ ሥዕል ላይ የፀጉሩን ጥቅልል በአጉሊ መነጽር ለሚመረምር ሰው፣ ጥቅልሉ መስመር ሳይሆን ጽሕፈት ነው፤ 7 የዳዊት መዝሙራትና አቡነ ዘበሰማያት በረቂቅ ፊደል ተጽፈውበታል። ዳዊትን በደቂቅ ፊደል የጻፈ የእኛ ቁም ጸሐፊ ቢያየው ሙያውን አይቶ ይፈርድለት ነበር እንጂ ስለ እጁ አስቀድሞ ባልጠየቀ። ዘመኑ የሚያስደንቅ ፍጥረት አድርጎ ሊያሳየው ሲፈልግ፣ እሱ የራሱን መዝገብ ራሱ ጽፎ፣ ያውም ቀርቦ ለማያነብ ሰው እንዳይገለጥ አድርጎ ትቶታል። የዛሬዎቹ ጠበብት አባት ቢፈልጉ ከሲሎ ይልቅ ወደዚህ ሰው ቢሄዱ እመርጣለሁ።

የራስን መዝገብ ራስ የመጻፉ ነገር በብሪታንያ ሥራ ሆኖ የተደራጀው ግን በቅርብ ነው። አይ.ቲ.ቪ. የተባለው ቴሌቪዥን በ1988፣ በ1990 እና በ1992 ለአካል ጉዳተኞች መርጃ ብሎ ትልቅ ቴሌቶን ሲያዘጋጅ፣ አካል ጉዳተኞቹ ራሳቸው መብት እንጂ ምጽዋት አንሻም ብለው ተነሡ። ቀራፂው ቶኒ ሂተን ለ1992ቱ ተቃውሞ ጋዜጠኞች በተጠሩበት ስብሰባ 1,760 የምጽዋት መሰብሰቢያ ቆርቆሮዎችን እንደ ፒራሚድ ከደረደረ በኋላ፣ ከባድ ጫማ የተጫማ ሰው ሠራሽ እግር ወርውሮ ናደው። ከዚያም ከሺህ የሚልቁ ሰዎች በለንደን የቴሌቪዥን ጣቢያው ደጃፍ ተሰለፉ፤ ቴሌቶኑም ዳግመኛ አልተደረገም። በ1995 የአድልዎ መከልከያ ሕግ ወጣ፤ ብዙዎቹ ታጋዮች ግን ጎዶሎ ነው ብለው አልረኩበትም።

ይኸው ሂተን ከዓመታት በኋላ ሼፕ አርትስ የተባለውን ድርጅት ሲመራ፣ የአካል ጉዳተኞችን የጥበብ ንቅናቄ የሚጠብቅ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት እንዲቋቋም መሠረት ጣለ፤ ክምችቱም በሃይ ዊኮምብ ከተማ በባኪንግሃምሻየር ኒው ዩኒቨርሲቲ ተቀመጠ፤ ከ2018 ጀምሮም ለሕዝብ ተገለጠ። የሰልፉ ካናቴራዎች፣ የትርኢት ማስታወቂያዎች፣ ሂተን ከሁለት አሮጌ የመንግሥት ሆስፒታል ተሽከርካሪ ወንበሮች አካል የሠራው የብሪታንያ ካርታ በዚህ ክምችት መዝገብ ውስጥ ገብተዋል። እግር ወርዋሪው የመዝገብ ቤት መሥራች ሲሆን ማየት ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው፤ ለሐያሲ ግን ደስታው ጥያቄን አያስቀርም። መፍረሱ ፍጻሜው የሆነ ሥራ በምን መልክ ይጠበቃል? ፎቶግራፉ ፒራሚዱን እንደ ቆመ ካሳየው የሥራውን ተቃራኒ አሳየ፤ ሲፈርስ ካሳየውም መፍረሱን ከሚደገም ድርጊት ወደ አንድ ቀን ትዝታ ለወጠው። በእኔ አስተያየት ቆርቆሮዎቹ ተቆጥረው በሣጥን ቢቀመጡ፣ እግሩም ከጎናቸው ቢኖር፣ ለእይታ በቀረቡ ቁጥር ደግሞ እንደገና ተደርድረው በወጣት አካል ጉዳተኛ እጅ እንዲናዱ ቢፈቀድ ይሻላል።

ይህም ቤተ መዛግብት ቢሆን መዝጋቢ እጅ አለውና ከምርመራ ነጻ አይደለም። በንቅናቄው መድረክ ላይ ጎልቶ የተሰማው መናገርና መዝፈን፣ ወደ አደባባይም መውጣት የቻለው ነው፤ በዚያው ዘመን በየመጠለያው ተዘግቶባቸው የኖሩት የአእምሮ ዕድገት ውሱንነት ያለባቸው ሰዎች በዚህ ክምችት ውስጥ ያላቸው ስፍራ ከቁጥራቸው ጋራ አይመጣጠንም። የነሱ ፋይል ዛሬም በሆስፒታሎች መዝገብ ቤት ነው ያለው፤ በሐኪም እጅ ተጽፎ። ወደዚያ የሚገባው ቀጣዩ ጠቢብ የሚሞግተው የሐኪሙን መዝገብ ብቻ አይሆንም፤ የሃይ ዊኮምቡንም ካታሎግ ገልጦ እነሱ የት እንደ ገቡ ይጠይቃል።