ደላላ ያጣው ዕቃ

በዚህች ከተማ ደላላ የሌለው ነገር ፈልጉ ብትባሉ ምን ታመጣላችሁ? ለኪራይ ቤት ደላላ አለ። ለቤት ሠራተኛ ደላላ አለ። ለመኪና፣ ለመሬት፣ ዓረብ አገር ለመሄድ ደላላ አለ። ኧረ ለትዳርም አለ! እኔ ግን አንድ ሰሞን ስዞር ከርሜ ደላላ ያጣ ዕቃ አግኝቻለሁ። መጽሐፍ ነው። ማለቴ ያልታተመ መጽሐፍ፤ ረቂቁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰፈራችን ሰው ናቸው፤ ጡረታ የወጡ መምህር። አንድ ቅዳሜ ጧት ዘጠኝ ደብተር በፌስታል ይዘው ቤቴ መጡ። ልቦለድ ነው።

«ልጄ፣ አንተ ጋዜጣ ላይ ስለምትጽፍ ሰው አታጣም። እስቲ አንብበውና የሚያሳትምልኝ ሰው ፈልግልኝ» አሉኝ።

ልብ በሉ፣ «ሰው» ነው ያሉት። በሌላው ዓለም ይህ «ሰው» የሙያ ስም አለው፤ የሥነ ጽሑፍ ወኪል ይባላል። ለንደን ውስጥ ኤ. ፒ. ዋት የሚባል እስኮትላንዳዊ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ግድም ሥራውን መተዳደሪያው አድርጎት ነበር። እነኮናን ዶይልና ኪፕሊንግ ደንበኞቹ ነበሩ። የሚወስደው ደራሲው ካገኘው ላይ 10 በመቶ ነበር። ዛሬ በአሜሪካም በእንግሊዝም የተለመደው 15 በመቶ ነው። ልቦለድ ጸሐፊው መጽሐፉን ጽፎ ይጨርስና የአንድ ገጽ ደብዳቤ ከጥቂት ገጾች ጋር ለወኪሎች ይልካል። ብዙዎቹ «አመሰግናለሁ፣ ለእኔ አይሆንም» ይሉታል። አንዱ እሺ ካለ ግን ረቂቁን አንብቦ፣ «ይኼ ምዕራፍ ይንዛዛል፣ ይኼ ሰው አይታመንም» ብሎ ያሠራዋል። ከዚያ ለአሳታሚ ያቀርብለታል፣ ውሉን መስመር በመስመር ይከራከርለታል። የትርጉሙንና የፊልሙን መብት ለብቻ ያስቀምጥለታል።

ዋናው ነገር ግን ወዲህ ነው። መጽሐፉ ካልተሸጠ ወኪሉም አይበላም። ደህና ወኪል ረቂቅ ለማንበብ ብሎ ደራሲውን ሳንቲም አይጠይቅም። ዋሽንግተን ታክሲ የሚነዳ አንድ ወዳጄ ይህን ሳያውቅ የሕይወት ታሪኩን ጻፈ። «ወኪል ነኝ» ያለው ሰው መጀመሪያ የማንበቢያ፣ ቀጥሎ የማረሚያ፣ ቀጥሎ የማስተዋወቂያ እያለ ከ2,000 ዶላር በላይ ተቀበለውና ስልኩን ዘጋ። ወዳጄን የቆጨው ገንዘቡ አይደለም። «አንድ ገጽ እንኳ አላነበበውም እኮ!» ነው የሚለኝ።

ወደ እኛ እንመለስ። እኛ ዘንድ ከፋዩ ራሱ ደራሲው ነው። ለኮምፒዩተር ጸሐፊዋ ይከፍላል። ሽፋኑን ለሚሠራው ይከፍላል። ለማተሚያ ቤቱ ቀብድ ይከፍላል። ቀጥሎ አከፋፋዩ ይመጣል። መምህሩን ይዤ የሄድኩበት አከፋፋይ ርዕሱን እንኳ ሳይጠይቅ «ከመቶ 35 ለእኛ፤ ሒሳብ ሲሸጥ ነው» አለን። መቼ እንደሚሸጥ ብንጠይቀው እጁን ወደ ሰማይ አነሳ።

እርግጥ ሕግ አለን። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲው ሙሉ መብት ይሰጠዋል፤ እሱ ካለፈም በኋላ ለ50 ዓመት ወራሾቹ ይጠቀሙበታል። ታዲያ አዋጁ ከደራሲው ጋር አከፋፋይ በር ላይ አይቆም! እዚያ የሚቆም ሰው ነው የጠፋው።

አንዳንዱ «ድሮ ይሻል ነበር» ይላል። በደርግ ዘመን ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ነበር፤ መጽሐፍ የሚያርም ባለሙያም ነበረው። ግን ሳንሱርም ነበር። በ1975 ዓ.ም. የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» ያሳተመው ያው ኩራዝ ነው፤ መጽሐፉ ከገበያ ተለቀመ፣ ደራሲውም በዓመቱ ወጥቶ ቀረ። እንዲያ ያለውን «ድሮ» ማንም አይመኝም። በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ አዋጁ ሳንሱርን አስቀረልን፤ እሰየው! የሚገርመኝ ግን፣ የሚቆርጠው አንባቢ ሲሄድ የሚያቀናውም አንባቢ አብሮት የሄደ መምሰሉ ነው። ዛሬ ብዙ መጽሐፍ ከደራሲው ጠረጴዛ ማተሚያ ቤት የሚገባው በመሃል አንድ ሰው እንኳ «ቆይ እስቲ» ሳይለው ነው።

«ታዲያ ወኪል ይቋቋማ!» ትሉኝ ይሆናል። እኔም አስቤው ነበር። ግን ደራሲው ከማተሚያ ቤት ዕዳ የተረፈው ምንም ከሆነ፣ የምንም 15 በመቶ ስንት ነው? ገበያው እስኪሰፋ ድረስ በዚህ ሙያ ቤተሰብ ማስተዳደር ከባድ ነው። ስለ ገንዘቡ ተስፋ አልሰጣችሁም።

ከወኪሉ ሥራ ግማሹ ግን ገንዘብ አይፈልግም። አንብቦ እውነቱን መናገር ነው። ይህን ለምን አቃተን? መልሱን አውቀዋለሁ፤ ይሉኝታ ነው። ረቂቅ ሲሰጠን «ግሩም ነው፣ በርታ!» እንላለን። ምርቃቱ ላይ ተጠርተን መድረክ ላይ ወጥተን ያላነበብነውን እናወድሳለን። ነገ የእኛው ሲመረቅ ደግሞ እሱ ይወጣል። እከክልኝ ልከክልህ! ከዚያ ዞር ብለን ቡና ቤት «የዘንድሮ መጽሐፍ መጽሐፍ ነው እንዴ?» እንባባላለን። በሰውየው ፊት የምንለውን በጀርባው ከምንለው ጋር ብንለዋውጠው ኖሮ ስንቱ መጽሐፍ በተቃና!

ይህን የምጽፈው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም። ከዘጠኙ ደብተር እኔ ያነበብኩት አንድ ተኩል ነው። ሁለት ወር አስቀምጬ አፈርኩና «ጋሼ፣ ሸጋ ሥራ ነው፤ ያሳትሙት» አልኳቸው። በእኔ ቃል ተማመኑ። የዕቁብ ብራቸውን ከልጆቻቸው በተበደሩት ላይ ደምረው 2,000 ቅጂ አሳተሙ። ምርቃቱ ላይም ተናገርኩ፤ ተጨበጨበልኝ።

ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን አንድ አንባቢ መንገድ ላይ አስቁሞ በመጽሐፋቸው ይስቃል አሉ። ምዕራፍ 4 ላይ በወባ ሞቶ የተቀበረው አጎት ምዕራፍ 11 ላይ ሠርግ ቤት ቁጭ ብሎ ጠጅ ይጠጣል! እኔም ሮጬ ገለጥኩት። እውነት ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ እስከ ምዕራፍ 11 ቢዘልቅ ኖሮ በእስክሪብቶ የሚስተካከል ነገር ነበር።

ባለፈው እሑድ ቤታቸው ሄድኩ። ካርቶኖቹ አልጋቸው ሥር ተደርድረዋል። ቡና ተፈላ፤ ስለ ዝናቡ አወራን፤ ስለ ኑሮው አወራን። ልወጣ ስል እስከ በሩ ሸኙኝ።

«ልጄ» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ያኔ ደብተሮቹን ስሰጥህ፣ አንብበኸው ነበር?»

«አላነበብኩትም፣ ጋሼ» አልኳቸው።

ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና ተመልሰው ገቡ። ሲወጡ አዲስ ደብተር ይዘዋል።

«ሁለተኛው ነው» አሉኝ። «ይኼን ግን ሳትጨርሰው እንዳትመጣ።»

እስካሁን ገጽ 60 ደርሻለሁ። ገጽ 12 ላይ አንድ የምንገራቸው ነገር አለ።