አልጋዬ ላይ ሆኜ መኪናዬን አስነሳኋት!

ኧረ ሞተር በሪሞት የሚያስነሳውን መሣሪያ ያላስገጠማችሁ ሰዎች ምን እየጠበቃችሁ ነው? ከብርድ ልብሴ ሳልወጣ ሪሞቱ ላይ አንዲት ቁልፍ ተጫንኩ፤ ታች ማቆሚያው ላይ የመኪናዬ መብራት ብልጭ አለ፣ ሞተሯ ተነሳ፣ በሮቿ ግን እንደተቆለፉ ናቸው። ፊቴን ታጥቤ፣ ልጆቹን አልብሼ ስወርድ መስታወቷ ላይ ተጋግሮ ያደረው በረዶ ለቋል፣ ወንበሩ ሞቋል፣ መሪው በባዶ እጅ ይያዛል። ቁጭ አልኩና ነዳሁ። በቃ፣ ነዳሁ!

የምኖረው ኮሎራዶ፣ ከዴንቨር አጠገብ አውሮራ ነው። እዚህ ካለነው ሐበሾች ብዙዎቻችን ጎህ ሳይቀድ እንወጣለን፤ ኤርፖርት የሚሠራው፣ ሆስፒታል ተረኛ የሆነችው፣ ታክሲ የሚነዳው። የዴንቨር ብርድ ደግሞ ድንገተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2022 በአንድ ሰዓት ውስጥ ብቻ ከ20 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ወረደና በማግስቱ ጠዋት ከዜሮ በታች 31 ደረሰ። በእንዲህ ያለው ጠዋት ብዙ ሰው መኪናውን አስነስቶ፣ ቁልፉን እንደሰካ ወደ ቤት ይመለሳል። ሌባም የሚጠብቀው ይህንኑ ነው። የኮሎራዶ ሕግም መኪናን እንዲህ ትቶ መሄድን ይከለክላል፣ ፖሊስም ይቀጣል። በ2016 የወጣው ማሻሻያ ግን በሪሞት የተነሳችን መኪና ከዚህ ክልከላ ነፃ አወጣት። አስቡት እንግዲህ፤ ሙቀቱም ተገኘ፣ ሕጉም ተከበረ!

ሌባ መስታወት ሰብሮ ቢገባስ? እዚህ ላይ ነው አድናቆቴ ልክ ያጣው። ቁልፍ ሳይኖረው ማርሽ ሊያስገባ ፍሬኑን የረገጠ እንደሆነ ሞተሩ እዚያው ይጠፋል። ኮፈኑ ሥር የምትገጠም ትንሽ ማብሪያ ደግሞ አለች፤ ኮፈኑ ተከፍቶ ሳለ ሞተሩ በሪሞት እንዳይነሳ ትከለክላለች፤ ሞተሩ ላይ ያጎነበሰ ሰው እጁን እንዳያጣ። ይህን ያሰበ መሐንዲስ እጁ ይባረክ!

ከሁሉም በላይ ያስደነቀኝ ግን ዳሽቦርዱ ሥር ተደብቃ የምትቀመጠው አነስተኛ ሳጥን ናት። የዛሬ መኪና ቁልፍ ውስጥ ቺፕ አለ፤ መኪናዋ ቺፑን ካላወቀችው ሞተሯ አይነሳም። ሳጥኗ ሞተሩ ሊነሳ ሲል ብቻ ለመኪናዋ ኮምፒውተር «ቁልፉ እዚህ አለ» የሚል መልእክት ታደርሳለች። ለዚህም ለመኪናችሁ ስም፣ ሞዴልና ዓመተ ምርት የተዘጋጀው ሶፍትዌር ይጫንባታል። ለኮሮላ የተዘጋጀው ለሲአር-ቪ አይሆንም። ስለዚህ ወንድሜ፣ እህቴ፣ ከሪሞቱ በፊት ባለሙያውን ምረጡ። የዕቃው ስም ኮምፑስታር ይሁን ቫይፐር፣ ጥሩው ዕቃ በደካማ እጅ ከተገጠመ ዋጋ የለውም። ገብታችሁ ጠይቁ፦ «የእኔን ዓይነት መኪና ሠርተህ ታውቃለህ? ለመኪናዬ ተብሎ የተሠራ ተሰኪ ሽቦ አለ ወይስ ትቆርጣለህ? የኮፈኑን ማብሪያ ትገጥማለህ?» ለመጨረሻው ጥያቄ «አያስፈልግም» የሚል ካጋጠማችሁ አመስግናችሁ ውጡ።

ሪሞቱን በተመለከተ፣ አፓርታማ ለሚኖር ሰው የምመክረው አንድ ብቻ ነው፤ መልሶ የሚነግረውን። ርካሹ ትእዛዝ ይልካል እንጂ መኪናዋ ትነሳ አትነሳ አያሳውቅም። የእኔ ግን ሞተሩ እንደተነሳ ድምፅ አሰምቶ ያረጋግጥልኛል፤ ከሦስተኛ ፎቅ፣ በግንብ በኩል! በስልክ የሚሠራም አለ፤ ርቀት አይገድበውም፣ ግን በየዓመቱ ክፍያ አለው። ኤርፖርት ውሎ ለሚመለስ ሰው ያዋጣዋል፣ ለእኔ አላስፈለገኝም።

መኪናችሁ ከፋብሪካ ይዛው መጥታ እንደሆነም አስቀድማችሁ እዩ። ጄኔራል ሞተርስ ከ2004ቱ ሸቭሮሌ ማሊቡ ጀምሮ ይህን ሲገጥም ኖሯል። ብዙ የቶዮታ መኪኖች ላይ ግን የፋብሪካው በሩን ስትከፍቱ ሞተሩን ያጠፋዋል፤ እንደገና ማስነሳት ነው። በኋላ የሚገጠመው በአብዛኛው ሳያጠፋ ያስረክባችኋል። ዋስትናዬ ይሰረዛል ብላችሁም አትስጉ። ከ1975 ጀምሮ ያለው የፌዴራል ሕግ፣ ጉዳቱን ያደረሰው የተጨመረው ዕቃ መሆኑ ካልታየ ዋስትና አይከለከልም ይላል።

ማንዋል ማርሽ ላላችሁ ጠንቀቅ! ማርሽ ውስጥ የቀረች መኪና በሪሞት ከተነሳች ወደፊት ትዘላለች። ለማንዋል ተብሎ የተሠራ፣ ማታ ስታቆሙ እጅ ፍሬን ተይዞ ማርሹ ነፃ መሆኑን ሳያረጋግጥ የማይሠራ ዓይነት አለ፤ ከዚያ ውጭ ያለውን አትንኩት። ከዚህም የሚብስ አለ፦ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ፣ በተለይ ከቤት ጋር በተያያዘ፣ በፍጹም አታስነሱ። የጭሱ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ይገድላል። ሪሞቱንም ከልጆች እጅ አርቁ።

አሁን ደግሞ ማንም ያልነገረኝን ልንገራችሁ። ማሞቂያው በእጅ የሚዞር ከሆነ፣ ማታ ሞተሩን ከማጥፋታችሁ በፊት ወደ ሙቅ አዙሩት፣ ንፋሱንም ወደ ፊት መስታወቱ አድርጉት። ጠዋት መኪናዋ ካቆመችበት ትቀጥላለች፤ በረዶውን የሚያቀልጠውም ይህ ነው። ብዙ ማስሞቅም አያስፈልግም። ሞተሩ ጥቂት ደቂቃ ከሠራ በኋላ ዝግ ብሎ እየነዱ ማሞቅ ይሻለዋል፣ ቤንዚንም ይቆጥባል። ብትረሷትም መሣሪያው ራሱ ያጠፋታል፤ የብዙዎቹ ልክ 15 ደቂቃ አካባቢ ነው።

ዋጋው ከነማስገጠሚያው ጥቂት መቶ ዶላር ነው፤ ለእኔ እያንዳንዱ ዶላር ተገቢ ነበር። የመጀመሪያው በረዶ በጣለ ሳምንት ግን ገጣሚዎቹ ጋ ወረፋው አይቻልም። ሴፕቴምበር ላይ ደውላችሁ ቀጠሮ ያዙ፤ የመኪናችሁን ዓመተ ምርትና ሁለቱንም ቁልፎች ይዛችሁ ሂዱ።